የሀሚዱ ልጆች በምን ሞቱ

ዶሃ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ አጎት ለአባባ እንድሪስ ሀሚዱ፤ ሐይቅ፣ አርዲቦ ዳር።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? ልጅዎ እትዬ ሀኒያ፣ የልጅ ልጅዎ ስህን ደህና ናቸው? አላህ ጥላዎን ከላያችን አያንሳው። እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ።

ስልክ አልወድም ስለሚሉ በእጄ ጻፍኩ። የሚያመጣልዎ የአገራችን ልጅ አብዱልጀባር ነው፤ ለፈቃድ አገር ቤት ይገባል። መልሱንም ይዞልኝ ይመለሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከረመዳን በኋላ ሆዴን ያመኝ ጀመር፤ ስቀመጥም ደም አይ ነበር። ኪንታሮት ነው ብዬ ደበቅሁት። አንድ ቀን ማድ ቤት ወድቄ አሠሪዬ አገኘችኝና ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። በታች በኩል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብተው ትልቁን አንጀቴን አዩት። እጢ ተገኘ። ካንሰር ነው አሉ። ነሐሴ ላይ ከአንጀቴ አንድ ስንዝር ተኩል ቆርጠው አወጡ። በጊዜ ተደርሶበታል ብለውኛል፤ አያስቡ።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ ትጠይቀኝ ጀመር።

“ዕድሜሽ ሠላሳ አራት ነው። በዚህ ዕድሜ ይህ በሽታ ብዙ አይመጣም። አባትሽ በምን ሞተ?”

“ሆዱን አሞት።”

“በስንት ዓመቱ?”

“በአርባ አንድ።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “የአባትሽ አባትስ? አክስቶቹስ?”

“አላውቅም።”

“የሚያውቅ ሰው የለም?”

“አንድ ሽማግሌ አሉ። የቅሬያችን ጸሐፊ ናቸው። ቅሬ የሰፈር የቀብር ማኅበር ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማን መቼ በምን እንደሞተ ጽፈዋል” ብዬ ስነግራት ሳቀች። “እንዲህ ያለ ሰው ለእያንዳንዱ በሽተኛዬ ቢኖር” አለች።

ያስረዳችኝ ይህን ነው። የሰው ገላ ዕለት ዕለት ይታደሳል፤ ሲታደስም ይሳሳታል። ያን ስህተት እየተከታተለ የሚያርም ነገር ከእናት ከአባታችን እንወርሳለን። በአንዳንድ ቤተሰብ ግን አራሚው ራሱ ተበላሽቶ ይወረሳል። ያን የወረሰ ሁሉ አይታመምም፤ ነገር ግን ከሌላው ሰው እጅግ ለበለጠ አደጋ የተጋለጠ ነው፤ ሲመጣበትም በጎልማሳነቱ ይመጣበታል። አባት ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስና ያለመውረስ ዕድሉ እኩል ነው። ከታወቀ ግን በየዓመቱ በካሜራ እያዩ፣ ትንሹን እጢ ክፉ ሳይሆን ይለቅሙታል። ሰው የሚሞተው ባለማወቅ ነው አለችኝ።

ስለዚህ መዝገቡን ይመልከቱልኝ። የአባትዎ የሀሚዱ፣ የወንድምዎ የአያቴ የአሕመዲን፣ የእህትዎ የዑምኩልሱም፣ የአባቴ የባድሩ፤ በስንት ዓመታቸውና በምን እንደሞቱ ይጻፉልኝ። ለእኔ ብቻ አይደለም። በሐይቅ ላሉትም ነው።

ለጉልበትዎ ቅባት ልኬያለሁ።

ልጅዎ ኑርሀያት ባድሩ


አርዲቦ ዳር፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለልጄ ኑርሀያት ባድሩ።

ወአለይኩሙሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ረዝሟል። መታመምሽን ስሰማ አዝኛለሁ፤ አላህ ሙሉ ሺፋ ይስጥሽ። ከስግደት በኋላ ስምሽን እየጠራሁ ዱዓ አድርጌአለሁ።

መዝገቡን እይልኝ ብለሻል። አይቻለሁ። ያለው እንዲህ ነው።

አሕመዲን ሀሚዱ፤ 1979፤ በአላህ ውሳኔ።
ዑምኩልሱም ሀሚዱ፤ 1986፤ በአላህ ውሳኔ።
ባድሩ አሕመዲን፤ 1999፤ በአላህ ውሳኔ።

አባቴ ሀሚዱ መዝገቡ ሳይጀመር ነው የሞቱት፤ ስለዚህ አልተጻፉም። ያልተጻፈ ነገር አልናገርም።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት ብለሻል። እንግዲያው ቀደርን፣ የአላህን ውሳኔ፣ ታውቃለች። ከአባት የሚወረስ መሬት ነው፤ ስም ነው፤ አደብ ነው። እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአንድ አባት ነው የተወለድነው፤ ለአንድ ቀን ሆዴን አሞኝ አያውቅም። በሽታው የሀሚዱ ቢሆን እኔን ማን ዘለለኝ?

አሁን ወሬ ልንገርሽ። ስህን ታጭታለች። ልጁ ሙሀይሚን ይባላል፤ የአምባሰል ሰው፣ የውጫሌው የአብደላ ልጅ። ባለፈው ወር ሽማግሌ ልከው ነበር። እንደ ወጉ ስለ ዘራችን ጠየቁ። መዝገቡን ላወጣ ስነሳ አብደላ እጄን ያዘኝና “ኧረ ይቀመጡ፣ አባባ እንድሪስ! የሌላውን ቤት ከመዝገብ እንሰማለን፤ የእርስዎን ከአፍዎ” አለ። ዘራችን ንጹሕ ነው አልኩ። ዱዓ ተደረገ፤ ነገሩ አለቀ።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ወሬ በሰው እጅ አትላኪ። አብዱልጀባር ደብዳቤ ይክፈት አይክፈት አላውቅም። አፉ ግን ሰፊ ነው።

ቅባቱ ደርሶኛል። ይሸታል።

እንድሪስ ሀሚዱ


ዶሃ፣ የካቲት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ እንድሪስ።

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። አላህ ለስህን የበረካ ትዳር ያድርግላት።

ማን ዘለለኝ ላሉት፣ ሐኪሟን ጠይቄአታለሁ። ሁለት መንገድ አለ አለች። ወይ አልወረሱትም፤ ያን ጊዜ እትዬ ሀኒያም ስህንም ከዚህ ነገር ነጻ ናቸው። ወይ ወርሰውት ሳያምዎ ቀርቷል፤ እንዲህ የሚሆን ሰው አለ። ያን ጊዜ ግን ሳይነካዎ በእርስዎ በኩል ወደ ልጅዎ ሊያልፍ ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከመመርመር በቀር በግምት አይታወቅም። ደግሞም የአባቴ አክስት ዑምኩልሱም የሞተችው በማሕፀን ደም እንደሆነ እናቴ ትናገር ነበር። እኔ የተለየ በሽታ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟ ግን ይህ የዘር ጣጣ አንጀትን ብቻ ሳይሆን የሴትን ማሕፀንም ይይዛል፣ ሥሩ አንድ ነው አለችኝ።

አሁን አይቆጡኝ፤ ቢቆጡም ልናገር። በአላህ ውሳኔ ያልሞተ ማን አለ? ታዲያ ስለ ሌላው ሰው ምን ብለው ጻፉ? ፊደል ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት፤ መዝገቡንም በልጅነቴ አንብቤዋለሁ። “በወባ” የሚል አለ። “በወሊድ” የሚል አለ። “ሰክሮ ከገደል ወድቆ” የሚል እንኳ አለ። የኑርዬ ቤት ጋ ደግሞ “ሚስቱ በሳንባ በሽታ፣ ደም እየተፋች፤ አማቱም እንዲሁ” ይላል። በአላህ ውሳኔ የሞተው የእኛ ቤት ሰው ብቻ ነው።

የኑርዬን ልጅ የራዚያን ነገር አልረሳሁትም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሊያጯት የመጡ ሽማግሌዎች ሲጠይቁዎ ያንን ገጽ ከፍተው አነበቡላቸው። ከዚያ ወዲያ ራዚያን የጠየቃት የለም። እኔ ደግሞ እዚህ ሐኪም ቤት ተኝቼ የተማርኩት፣ ያ የሳንባ በሽታ በዘር አይወረስም። በትንፋሽ ነው የሚጋባው፤ በመድኃኒትም ይድናል። የማይወረሰውን ይወረሳል ብለው አነበቡ። የሚወረሰውን አልጻፉም።

እትዬ ሀኒያ አርባ ሞልቷታል። ትመርመር። ወጪውን እኔ እችላለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎም።

ኑርሀያት


አርዲቦ ዳር፣ ጥር 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለኑርሀያት።

ሰላም ላንቺ ይሁን። በየካቲት የጻፍሽው የደረሰኝ በኅዳር ነው። በወረርሽኙ አውሮፕላን ቆሞ አብዱልጀባር እዚያው ታግዶ ከርሟል። ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ወር መልስ አልሰጠሁም። ስለተቆጣሁ ነው።

ፊደል አስተማርኩሽ ብለሻል። እኔን ያስተማረኝ የለም። የስሚንቶ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ እየገለበጥኩ፣ መንገደኛ እየጠየቅሁ ተማርኩ። በዚህ አገር የሞተ ሰው በሁለተኛው ዓመት ይረሳል። እኔ ግን እንዳይረሳ አደረግሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አንድ ሳንቲም ሳልቀበል ጻፍኩ። ይህን ሥራ ነው አንቺ በአንድ ወረቀት የምትፈትሺው።

የኑርዬን ቤት የጻፍኩት ያየሁትን ነው። ሴትዮዋ ደም ስትተፋ አይቻለሁ። የወንድሜን ሆድ ውስጡን አላየሁም። ያላየሁትን አልጻፍኩም። ስለ ራዚያ፣ እኔ አታግቧት አላልኩም። አነበብኩ እንጂ።

የስህን ሠርግ በዚህ ወር መጀመሪያ ሆነ። የውጫሌ ሰዎች በሁለት አይሱዙ ሙሉ መጡ። አንድ በሬ ታረደ። አዝማሪ ይምጣ ብለው ነበር፤ ከልክያለሁ። መንዙማ ተባለ። ጦርነቱ ከሰሜን ስለተነሳ ሰው እንደ ድሮው አልተደሰተም፤ ወጣቱም ወሬ ሲሰማ ነው የዋለው። ልጅቱ አሁን በአብደላ ቤት ናት። ቃሌን አምነው ነው የወሰዷት። የሰው ቤት ገብታ ሳለ ቃሌን ላጥፍ ነው የምትይኝ?

ሀኒያ ትንሽ ከስታለች። የሠርጉ ድካም ነው። አብሽ በውኃ በጥብጣ እንድትጠጣ ነግሬአታለሁ።

በዚህ ጉዳይ ደግመሽ አትጻፊ። በሌላ ጉዳይ ብትጽፊ እመልሳለሁ።

እንድሪስ ሀሚዱ


ዶሃ፣ መጋቢት 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአባባ እንድሪስ።

አሰላሙ አለይኩም። የደም ምርመራዬ ውጤት መጣ። ሐኪሟ የፈራችው ነገር አለብኝ። ከአባቴ ወስጃለሁ፤ አባቴ ከአያቴ፣ አያቴ ከአባትዎ። ከዚህ በኋላ የመዝገቡ ቃል ለእኔ አያስፈልገኝም። የራሴ ደም ነገረኝ። በየዓመቱ እየታየሁ እኖራለሁ ኢንሻአላህ።

የቀረው እትዬ ሀኒያ ናት። ከስታለች አሉኝ። እኔም መጀመሪያ የከሳሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ነበር። አብሽ እኔም ጠጥቻለሁ።

ያላየሁትን አልጽፍም ብለዋል። አባቴ ሲሞት ግን እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጨርቁን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደሙን አይቻለሁ። አንቱም አጠገቤ ቆመው አይተዋል።

አባባ፣ እስከ ዒድ እጠብቃለሁ። ከአባቷ አፍ ብትሰማው ይሻላታል። በዒድ ማግስት ካልነገሯት ለእትዬ ሀኒያ እኔው እደውላለሁ። በቤታችን አንቱን የሚያስገድድ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ኑርሀያት


አርዲቦ ዳር፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለኑርሀያት።

ዒድ ሙባረክ።

አትደውዪ። የሀኒያ ስልክ ተበላሽቷል፤ እንዳትደክሚ።

እንድሪስ ሀሚዱ


ዶሃ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለአባባ እንድሪስ።

አሰላሙ አለይኩም። ደውዬ ነበር። እውነትዎን ነው፤ ስልኳ አይሠራም። ለጎረቤት ደወልኩ፤ ተጨናንቋል ይላል። ወልድያ ተይዟል ይባላል፤ እውነት ነው? የተፈናቀለው ሰው ሐይቅ ሞልቷል ሲሉ ሰማሁ። ቤት ውስጥ ሰው አስጠግታችኋል? የምትበሉት አለ?

ስለዚያኛው ጉዳይ ዛሬ አልጽፍም። ደህና መሆናችሁን ብቻ አሳውቁኝ።

ኑርሀያት


ዶሃ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአባባ እንድሪስ።

ደሴ ተያዘች አሉ፤ ሐይቅም። የሚሄድ ሰው የለም። አብዱልጀባር ፓስፖርቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የእሱም እናት እዚያው ናት። እኔ ይህን ጽፌ ልብሴ መሃል አስቀምጬዋለሁ።

አሁን የተመኘሁት አንድ ነገር ነው። ተቆጥተው ቢጽፉልኝ።

ኑርሀያት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑርሀያት ባድሩ።

አሰላሙ አለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። በሕይወት አለን። ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤት ግቢ፣ ተራ ከሚጠብቅ ሰው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ፊደሉ ቢወላገድ ጉልበቴ ላይ ስለምጽፍ ነው።

በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ተዋጊዎቹ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማው ውስጥ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ቅሬው ሠላሳ አንድ ሰው ቀበረ፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም። ካህን ሲጠፋ እኛው ቆፈርን፤ የእኛ ሰው ሲያንስ እነሱ ተሸከሙ። ለእያንዳንዱ ጻፍኩ። በጥይት። በከባድ መሣሪያ። የስኳር መድኃኒት በማጣት። ከቆቦ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት ሴት ስሟን ሳትነግረን ሞተች። “ስሟ ያልታወቀ፤ በረሃብና በድካም” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ የወንድሜን ገጽ ገልጬ አየሁት። ሳልነካው ከደንኩት። ያን ቀንም አልቻልኩም፤ የሆነውን ነው የምነግርሽ።

ቧንቧው ቆሞ ስለነበር ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱት ከአርዲቦ ነው። ኅዳር 14 ሀኒያ ጀሪካኑን እንዳዘለች ወደቀች። ሰዎች ተሸክመው አመጡልኝ። ቀሚሷ ከኋላ በደም ርሷል።

“ሀኒያ፣ ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳት።

“ቆይቷል፣ አባ።”

“ስንት?”

“ሁለት ዓመት ሆነው።”

“አንቺ ሰው! ሁለት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?”

“የውጫሌ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ጓዳ ነበርኩ። ደሙን ካየሁት ሳምንት አልሞላኝም ነበር። አንቱ ‘ዘራችን ንጹሕ ነው’ ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ምን ልበል? ወጥቼ አባቴ ዋሽቷል ልበል? ልጄን ላስቀር?”

ኑርሀያት፣ እኔ የዋሸሁት ለውጫሌ ሰዎች መስሎኝ ነበር።

ስልኳም አልተበላሸም። እህል ውስጥ ቀብሬው ነበር። አሁን ከእሷ ጋር ነው፤ ደውዪላት።

መንገድ እንደተከፈተ ደሴ ወሰድኳት። ካሜራ አለው የተባለው የግል ክሊኒክ ተዘርፎ ባዶ ግድግዳ ሆኖ ጠበቀን። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እጢው አንጀቷን አልፎ ጉበቷ ደርሷል። ሐኪሙ “ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት አለ፤ የሚያድን ግን አይደለም” አለኝ። ቁርጡን የሚናገር ሰው እወዳለሁ። ያን ቀን ግን አልወደድኩትም። የእኔንም ደም ወሰዱ። አለብዎ አሉኝ። ሰባ አራት ዓመት ይዤው ኖሬ አንድ ቀን ሳያመኝ ለልጄ ሰጥቻታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቅሽኝ ይኸው።

ሀሚዱ፤ በሃምሳ አምስት ዓመቱ ገደማ፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ መውጫ ተከልክሎ። አሕመዲን፤ በአርባ ስድስት፤ ደም እየተቀመጠ ከስቶ። ዑምኩልሱም፤ በአርባ አራት፤ በማሕፀን ደም። ባድሩ፤ በአርባ አንድ፤ እንደ አባቱ። ሁሉንም አይቻለሁ። አሕመዲንን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ሀኒያን ለዘመድ ትቼ ባለፈው ሳምንት አገር ቤት ወረድኩ። ሁለት ሥራ ነበረኝ።

የመጀመሪያው ቅሬው ነው። ሰዉ ሲሰበሰብ መዝገቡን አውጥቼ ያረምኩትን አነበብኩ። ራዚያ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። አሁን ገበያ ላይ ዓሣ ትሸጣለች። አንብቤ ስጨርስ፣

“አባባ እንድሪስ፣” አለች፣ “የእኛን ቤት ሲያነቡ ድምፅዎ ከዚህ ይጎላ ነበር።”

አንዳንዱ ሳቀ። እውነቷን ነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደገና አነበብኩ። የሳንባ በሽታ በዘር እንደማይወረስ፣ ተሳስቼ እንደነበር ተናገርኩ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

“እሱን ከአላህ ጋር ይነጋገሩበት። እኔ ዓሣዬ ሳይበላሽ ልሽጥ” ብላ ሄደች። ከዚህ የበለጠ የሚገባኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ውጫሌ ነው። አብደላ አጎዛ አነጠፈልኝ። አልቀመጥም አልኩ።

“ምነው? ሀኒያ ደህና አይደለችም?”

“ደህና አይደለችም። ቃል ሰጥቼህ ነበር፤ ዘራችን ንጹሕ ነው ብዬህ ነበር። ውሸት ነበር።” ሁሉንም ነገርኩት።

“ይህን ሁሉ ጢም ይዞ ሰው ይዋሻል?” አለ።

“ዋሸሁ።”

“የእኔስ የልጅ ልጆች?”

“ለዚያ ነው የመጣሁት። ስህን ወስዳው እንደሆነ ትመርመር። ከወሰደች በየጊዜው ትታያለች። ካልወሰደች ነገሩ በእሷ አበቃ። የሚገድለው መደበቁ ነው።”

“ዛሬ ከዚህ ቤት ከወጣች በምን እንደምትመለስ አላውቅም።”

ስህን ለካ በሩ ጋ ቆማለች። “እኔ አውቃለሁ፤ በእግሬ” አለች።

ባሏ ሙሀይሚን ተነሳ። አባቱን አላየም። እኔንም አላየም። ቦርሳዋን አንስቶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሸከመላት፤ መኪና እስክናገኝም አብሮ ቆመ። አብደላ እስከ ዛሬ አልደወለም።

ከውጫሌ እስከ ደሴ አልተናገረችኝም። በሐይቅ ስናልፍ እንኳ አንገቷን አላዞረችም። ደሴ ስንደርስ “ምሳ ይብሉ” አለችኝ። አልራበኝም ነበር። በላሁ።

አሁን ውስጥ ናት፤ ለካሜራው እያዘጋጇት ነው። ጠዋት ከእናቷ አልጋ ሥር ተቀምጣ እግሯን ስታሽላት ነበር። የሚያወሩትን አልሰማሁም፤ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።

ጠርተውኛል። ስመለስ እጨርሰዋለሁ።

ተመለስኩ። የጠራኝ ወጣት ሐኪም ነው። ፊት ለፊቱ ፎርም ዘርግቶ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ “አባት፣ በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?” አለኝ።

“ወንበር አለህ?” አልኩት። “ነገሩ ረጅም ነው።”

ወንበሩን አመጣልኝ። ተቀምጬ ከአባቴ ጀመርኩ።

እንድሪስ ሀሚዱ